የቡሪቶ ቤቱ ቡድንና የአሜሪካ ጥሎ ማለፍ



ከ1992 እስከ 1994 ባሉት ሦስት ተከታታይ ዓመታት የአሜሪካ እግር ኳስ ብሔራዊ ዋንጫ ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕር ወሽመጥ አካባቢ፣ ከቤይ ኤሪያ፣ አልወጣም። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በመጀመሪያው ዓመት ሳን ሆዜ ኦክስ የብሪጅፖርቱን ቫስኮ ዳ ጋማ 2 ለ 1 ረታ። በማግስቱ ዓመት የሳን ፍራንሲስኮው ክለብ ዴፖርቲቮ ሜክሲኮ ከፊላደልፊያ የመጣውን የጀርመንና የሃንጋሪ ስደተኞች ክለብ 5 ለ 0 ሸኘው። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ሌላው የሳን ፍራንሲስኮ ክለብ፣ ግሪክ አሜሪካን፣ የሚልዋኪውን ባቫሪያን 3 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ።

ከእነዚህ ስድስት ተጋጣሚዎች አምስቱ ስማቸውን ያመጡት ከሌላ አገር ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ የፖርቱጋሎች፣ ባቫሪያን የጀርመኖች፣ የቀሩትም በየስማቸው የሚታወቁ ናቸው። የፍፃሜውን ፕሮግራም ብቻ ያነበበ ሰው ውድድሩ ያለው አውሮፓ ውስጥ ነው ብሎ ቢወራረድ አይፈረድበትም። ተጫዋቾቹ አማተሮች ነበሩ፤ እሑድ ተጫውተው ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚገቡ ሰዎች። ያነሱት ግን የሠፈር ዋንጫ አይደለም። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በአገር አቀፍ ደረጃ የሚያካሂደውን፣ ዛሬ ሎስ አንጀለስና ናሽቪል የሚፋለሙበትን ያንኑ ዋንጫ ነው።

1994 የዓለም ዋንጫ አሜሪካ የመጣበት ዓመትም ነበር። በሳን ፍራንሲስኮና በሳን ሆዜ መካከል ባለው በስታንፎርድ ስታዲየም ስድስት ጨዋታዎች ተካሂደዋል። ሩሲያዊው ኦሌግ ሳሌንኮ በአንድ ጨዋታ ካሜሩን ላይ አምስት ግብ ያስቆጠረው እዚያ ነው፤ በዚያው ጨዋታ ሮጀር ሚላ በ42 ዓመቱ አግብቶ አፍሪካን ከመቀመጫዋ አስነሥቷል። ጁላይ 4 ቀን፣ አሜሪካ የነፃነት በዓሏን በምታከብርበት ዕለት፣ ብራዚል ባለ አገሩን 1 ለ 0 ስትረታ 84,147 ሰው ስታዲየሙን ሞልቶት ነበር። ከዚያ ስታዲየም የአንድ ሰዓት መንገድ የማይርቅ የስደተኞች ክለብ በዚያው ዓመት የአገሪቱን ዋንጫ ማንሳቱን ግን ከአማተር ሊጉ ሰዎች ውጭ ልብ ያለው ጥቂት ነው። ዛሬም እዚያው ቤይ ኤሪያ፣ ኦክላንድ መንገድ ላይ ተጠይቆ የሚያውቅ ብዙ አይገኝም።

ዛሬ ስለዚያ ዋንጫ ነው የሚወራው፤ ወሬው ግን ወደ ሐበሻ ቡድኖችም መድረሱ አይቀርም።

ዋንጫው የውስኪ ሰው ስጦታ ነው። በ1912 ስኮትላንዳዊው ውስኪ ጠማቂ ሰር ቶማስ ደዋር ለአሜሪካ እግር ኳስ አበረከተው። ውድድሩ በ1913 መገባደጃ ተጀምሮ በ1914 የብሩክሊን ፊልድ ክለብ ሌላውን የብሩክሊን ቡድን፣ ብሩክሊን ሴልቲክን፣ 2 ለ 1 አሸንፎ የመጀመሪያው ባለ ዋንጫ ሆነ። ያኔ ስሙ ብሔራዊ የፉክክር ዋንጫ ይባል ነበር። በኋላ ዩኤስ ኦፕን ካፕ ተባለ፤ ከ1999 ጀምሮም የስፖርት ባለሀብቱ የላማር ሀንት ስም ተጨመረለት። ሁለት የዓለም ጦርነቶች አላቋረጡትም። ያቋረጠው በ2020 እና በ2021 ኮሮና ነው።

ሕጉ ለኢትዮጵያዊ ተመልካች አዲስ አይደለም። ጥሎ ማለፍ ነው፤ የተሸነፈ ይወጣል። የሚለየው በሩ የት ድረስ እንደተከፈተ ነው። በፌዴሬሽኑ ሥር ባለ ሊግ የሚጫወት አማተር ክለብ የማጣሪያ ጨዋታዎችን አልፎ ከመጣ፣ ዕጣው ካወጣው በሚሊዮኖች ደመወዝ ከሚከፍል ክለብ ጋር ይገናኛል። ለዚህ ነው በዋንጫው መዝገብ ላይ ያሉት ስሞች እንዲህ የተዘበራረቁት። ቤተልሔም ስቲል አምስት ጊዜ በልቶታል፤ የፔንስልቬኒያ ብረት ፋብሪካ ቡድን ነው፤ የድሬዳዋን የጥጥ ፋብሪካ ቡድን የሚያስታውስ አዛውንት ታዳሚ ካለ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የሎስ አንጀለሱ ማካቢም በ1970ዎቹና በ1981 ደምሮ አምስት ጊዜ ወስዶታል፤ የአይሁዶች ክለብ ነው። የፊላደልፊያ ዩክሬናውያን በ1960ዎቹ አራት ጊዜ፣ የኒው ዮርክ ግሪኮች ከ1967 እስከ 1969 ሦስት ጊዜ በተከታታይ። በየወደቡ የወረደው ሕዝብ ማን እንደነበረ ለማወቅ የፈለገ ተመራማሪ የኢሚግሬሽን መዝገብ ከመግለጡ በፊት ይህንን ዝርዝር ቢያይ አይጎዳም።

አዲስ አበባም ይህን ታሪክ ታውቀዋለች። በ1944 በከተማይቱ የመጀመሪያው ሊግ መሰል ውድድር ሲደረግ የተሰለፉት ቡድኖች አምስት ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ አምስተኛው ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልዕኮ። ያሸነፉትም እንግሊዞቹ ናቸው፤ ጦርነት አሸንፈው የመጡ ሰዎች ኳሱንም ጨምረው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ግን የሁለቱ ከተሞች መንገድ ተለያየ። አዲስ አበባ ውስጥ የማኅበረሰብ ክለቦቹ ቦታቸውን ለመቻል፣ ለመብራት ኃይል፣ ለባንክና ለፋብሪካ ለቀቁ። ከአምስቱ ሥሩን ሰዶ የቀረው በአራዳው ታቦት ስም በ1935 የተመሠረተው ጊዮርጊስ ብቻ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ግን የግሪኩም የጣሊያኑም የአየርላንዱም ክለብ ስሙን እንደያዘ ቆየ፤ የሜክሲኮውና የኤል ሳልቫዶሩ ተጨመረበት እንጂ የተቀነሰ የለም ለማለት ይቻላል።

ያቆያቸው ምንድን ነው? አንዱ መልስ ሊጉ ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ሶከር ፉትቦል ሊግ የተመሠረተው በ1902 ነው፤ በአሜሪካ ሳይቋረጡ ከዘለቁት አንጋፋ ሊጎች አንዱ ነው። ሜዳውም ባልቦአ ፓርክ ውስጥ ያለው ቦክሰር ስታዲየም ነው፤ ትንሽ ነው፤ ንፋሱም ጉንፋን የሚያስይዝ ነው። ሁለተኛው መልስ ደግሞ ክለቦቹ ከኳስ የሰፋ ነገር መሆናቸው ነው። ለአብነት የሳን ፍራንሲስኮ ጣሊያን አትሌቲክ ክለብን መውሰድ ይቻላል። በ1917 የተቋቋመ ሲሆን ኖርዝ ቢች ሠፈር፣ ዋሽንግተን አደባባይ ፊት ለፊት፣ የራሱ ቤት አለው። ቤቱ ውስጥ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሰበሰባል፣ ይዳራል። የሩጫ ውድድር ያዘጋጃል። ኳሱ ከዚህ ሁሉ አንዱ ነው። በ1976 ይኸው ክለብ የኒው ዮርኩን ኢንተር ጁሊያናን 1 ለ 0 አሸንፎ ብሔራዊውን ዋንጫ ወደ ባሕር ወሽመጡ ሲያመጣ፣ የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ አላጣም።

ግሪክ አሜሪካንም በ1985 የሴንት ሉዊሱን ኩቲስ 2 ለ 1 ረትቶ አንድ ጊዜ ዋንጫውን ወስዶ ነበር። የዚህ ክለብ ስም ሲነሣ የማይታለፍ ሰው አለ። ሎታር ኦሲያንደር ይባላል፤ ጀርመን ተወልዶ ካሊፎርኒያ የኖረ ሰው ነው። ግሪኮቹን ለረጅም ጊዜ አሠልጥኖ ወደ ብሔራዊ ዋንጫ ያደረሳቸው እሱ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ተደርጎ ተሾመ፤ በ1988 ሴኡል፣ በ1992 ደግሞ ባርሴሎና ኦሎምፒክ ላይ ቡድኑን መራ። በብሔራዊ ቡድኑ ዘመንም የሚተዳደረው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት ነበር። አሜሪካን ያህል አገር የሚመራ አሠልጣኝ ለምሳ ሰዓት ትዕዛዝ ሲቀበል መታየቱ ያኔ ለጋዜጦች መሳቂያ ነበር። ኦክላንድ ውስጥ ሁለት ሥራ ይዞ ቅዳሜ ልጆች የሚያሠለጥን ሐበሻ ግን የሚስቅበት ምክንያት አይኖረውም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንቃቃ ሰው እጁን ማንሣቱ አይቀርም። «እነዚህ ክለቦች ያሸነፉት ትልልቆቹ ስላልነበሩ አይደለም ወይ?» ይላል። እውነቱን ነው። በ1970ዎቹ ፔሌን፣ ቤከንባወርንና ጆርጅ ቤስትን ያመጣው የሰሜን አሜሪካ እግር ኳስ ሊግ ክለቦቹን ወደዚህ ዋንጫ አልላከም። እሱም ከ1984 ውድድር በኋላ ፈረሰ። ከዚያ እስከ 1996 ድረስ አሜሪካ በሜዳ ላይ የረባ አንደኛ ደረጃ አገር አቀፍ ሊግ አልነበራትም። ዋንጫው የተረፈው ለእሑድ ተጫዋቾች ነው።

ነገሩን በዚያ መዝጋት ግን ፍርድ ማጓደል ነው። ትልቁ ሊግ በገንዘብ ሲያብጥና ሲፈርስ ኳሱን በሕይወት ያቆየው ማን ነው? የዓለም ዋንጫው በ1994 ሲመጣ አሜሪካ ውስጥ ዳኛ፣ ሜዳ፣ ማሊያ፣ ሊግ፣ ዕጣ የሚባል ነገር የነበረው እነዚህ ሰዎች በየሳምንቱ ስለተጫወቱ ነው። ኦክላንድም የዚህ ምስክር ናት። ኦክላንድ ክሊፐርስ የሚባል የፕሮፌሽናል ቡድን በ1967 በኮሊሲየም ስታዲየም እየተጫወተ የሊግ ሻምፒዮን ሆነ፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ጠፋ። በ1978 ኦክላንድ ስቶምፐርስ መጣ፤ አንድ ዓመት ተጫውቶ ሄደ። የግሪኩና የጣሊያኑ ክለብ ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት እዚያው ነበር።

በ1996 ሜጀር ሊግ ሶከር ተጀመረ። የመጀመሪያው ጨዋታ ኤፕሪል 6 ቀን ሳን ሆዜ፣ ስፓርታን ስታዲየም ውስጥ ተካሄደ፤ ሳን ሆዜ ክላሽ ዲሲ ዩናይትድን ገጠመ። ጨዋታው ያለ ግብ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ኤሪክ ዋይናልዳ አገባና ሊጉ ከመጀመሪያ ቀኑ ዕፍረት ዳነ። የዋይናልዳን ስም ያዙት፤ ይመለሳል። በዚያው ዓመት የሊጉ ክለቦች ወደ ብሔራዊው ዋንጫ ገቡ፤ የመጀመሪያውንም ዲሲ ዩናይትድ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ከትልቁ ሊግ ውጭ ሆኖ ዋንጫውን ያነሳ አንድ ክለብ ብቻ ነው፤ በ1999 የሮቸስተሩ ራይኖስ፣ ኮሎራዶን 2 ለ 0 አሸንፎ።

በሩ ጠበበ፤ ግን አልተዘጋም። በ1997 ሳን ፍራንሲስኮ ቤይ ሲልስ የሚባል የሦስተኛ ደረጃ ቡድን ተነሣ። በአብዛኛው ከባሕር ወሽመጡ ወጣቶች የተሠራ ቡድን ነው። የትልቁን ሊግ ክለብ ካንሳስ ሲቲን ጣለ። ቀጥሎ ያገኘው የገዛ ጎረቤቱን፣ ሳን ሆዜ ክላሽን፣ ነበር፤ እሱንም ጣለው። ግማሽ ፍፃሜ ላይ ዲሲ ዩናይትድ አስቆመው። ሲልስ ውስጥ የነበረው ተከላካይ ሲ ጄ ብራውን በማግስቱ ዓመት ወደ ቺካጎ ፋየር ሄዶ ለአሥራ ሦስት ውድድር ዘመን የዚያ ክለብ ሰው ሆነ፤ ይህንኑ ዋንጫም እዚያ ደጋግሞ አነሳው። ለአንድ ልጅ የሦስተኛ ደረጃ ክለብ ከአንደኛ ደረጃ ጋር የሚገናኝበት አንድ ምሽት ምን ሊያደርግለት እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማምጣት ይከብዳል።

በ2012 ደግሞ ካል ኤፍሲ የሚባል የደቡብ ካሊፎርኒያ አማተር ቡድን ፖርትላንድ ሄዶ ቲምበርስን በገዛ ሜዳው በተጨማሪ ሰዓት 1 ለ 0 አሸነፈ። አሠልጣኙ ያ ዋይናልዳ ነበር። የትልቁን ሊግ የመጀመሪያ ግብ ያገባው ሰው፣ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ የትልቁን ሊግ ክለብ ደመወዝ በሌለው ቡድን አዋረደ። በ2022 የሳክራሜንቶው ሪፐብሊክ፣ የሁለተኛ ደረጃ ክለብ ሆኖ፣ ሳን ሆዜን፣ ሎስ አንጀለስ ጋላክሲንና ካንሳስ ሲቲን ተራ በተራ አውጥቶ ፍፃሜ ደረሰ፤ ኦርላንዶ 3 ለ 0 ረታው።

ሳን ሆዜ ራሱስ? የቀድሞው ክላሽ፣ የዛሬው ኧርዝኩዌክስ፣ የሊጉን ሻምፒዮንነት ሁለት ጊዜ አግኝቷል፤ ይህን ዋንጫ ግን አንድም ጊዜ አልነካም። በ2017 ግማሽ ፍፃሜ ላይ ደርሶ በካንሳስ ሲቲ በመለያ ምት ወጣ። የከተማዋ ስም በዋንጫው መዝገብ ላይ የተጻፈው በ1992ቱ ኦክስ፣ በአማተሮቹ፣ ብቻ ነው።

ዲሴምበር 2023 ላይ ትልቁ ሊግ በሩን ከነጭራሹ ለመዝጋት ሞከረ። ዋና ቡድኖቻችንን አንልክም፣ የተተኪ ቡድኖቻችንን እንልካለን አለ። ምክንያቱ የጨዋታ ብዛት ነው ተባለ፤ በዚያው ጊዜ ግን ሊጉ ከሜክሲኮ ክለቦች ጋር የራሱን አዲስና ትርፋማ ውድድር አስፋፍቶ ነበር። ፌዴሬሽኑ ጥያቄውን ሳይቀበል ቀረ። በድርድር ለ2024 ስምንት የትልቁ ሊግ ክለቦች ብቻ ዋና ቡድናቸውን እንዲያሰልፉ ተስማሙ፤ ከስምንቱ አንዱ ሳን ሆዜ ሆነ። ስለ ቁጥሩ መከራከር ይቻላል። መቶ ዓመት ያለፈውን ውድድር በአንድ መግለጫ ለተተኪዎች መተው ግን ንቀት ነው፤ ንቀቱ ደግሞ ያረፈው ትልቁ ሊግ በሌለበት ዘመን ቤቱን ሲጠብቁ በኖሩት ላይ ነው።

የ2024ቱ ውድድር ግን ለቤይ ኤሪያ ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ሁሉ የጣፈጠው ሆነ። ሳን ፍራንሲስኮ ሚሽን ሠፈር ውስጥ ኤል ፋሮሊቶ የሚባል ቡሪቶ ቤት አለ፤ ሌሊት ከጭፈራ ቤት የወጣ ሁሉ ተሰልፎ የሚበላበት ነው። ባለቤቱ ሳልቫዶር ሎፔዝ ከሜክሲኮ የመጣ ሰው ነበር። ምግብ ቤቱን በከፈተ በሁለተኛው ዓመት ገደማ፣ በ1985፣ የኳስ ቡድንም አቋቋመ። በ1993 ክለብ ዴፖርቲቮ ሜክሲኮ ተብሎ ፊላደልፊያዎችን 5 ለ 0 የቀጣው ያ ቡድን ይኸው ነው። እሱ ካለፈም በኋላ ልጁ አሠልጣኝ ሆኖ ቀጠለበት። በ2024 ኤል ፋሮሊቶ ማጣሪያውን አልፎ ገባ፤ የፖርትላንድ ቲምበርስን ከ23 ዓመት በታች ቡድን ጣለ፤ ከዚያም ሴንትራል ቫሊ ፉዌጎ የሚባለውን የፍሬዝኖ ፕሮፌሽናል ክለብ አወጣ። በሦስተኛው ዙር ዕጣው ከማን ጋር አገናኘው? ከኦክላንድ ሩትስ።

ሩትስ በ2018 የተመሠረተ ክለብ ነው። ኦክላንድ በአጭር ጊዜ ውስጥ የቅርጫት ኳሱን፣ የአሜሪካን ፉትቦሉን፣ በመጨረሻም የቤዝቦሉን ቡድኗን ያጣች ከተማ ናት፤ ሁሉም ገንዘብ ወደሚያገኙበት ሄዱ። ሩትስ በዚያ ሐዘን መካከል ነው የመጣው። መጀመሪያ የተጫወተው ሌይኒ ኮሌጅ ውስጥ ነው፤ ቀጥሎ ሄይዋርድ፣ ካል ስቴት ኢስት ቤይ ኮረብታ ላይ። የ2024ቱ ጨዋታ የተደረገውም እዚያ ነው። የሚሽን ሠፈር ሰው ድልድዩን ተሻግሮ ከነከበሮው መጣ። በስተመጨረሻ ሩትስ አለፈ፤ ቀጣዩ ዕጣ ሩትስን ከሳን ሆዜ ኧርዝኩዌክስ ጋር አገናኘ፤ ሳን ሆዜ አለፈ፤ ሳን ሆዜንም ሳክራሜንቶ በሰባት ግብ ባለቀ ጨዋታ 4 ለ 3 አሰናበተው። ሰንሰለቱ ከአንድ ቡሪቶ ቤት ተነሥቶ እስከ ትልቁ ሊግ ክለብ ድረስ በሁለት ዙር ደረሰ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር የቅርጫት ኳስም የቤዝቦልም ተመልካች በሕይወቱ አያይም፤ በእነዚያ ስፖርቶች አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ውድድር የለም። በማግስቱ ዓመት፣ ማርች 2025፣ ሩትስ ቤዝቦሉ ለቆት የሄደውን ኮሊሲየም ሲከፍት 26,575 ሰው መጣ።

አሁን ወደ ሐበሻው። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በ1984 ሂውስተን ውስጥ ሲመሠረት የመጡት አራት ቡድኖች ነበሩ። ዛሬ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ክለቦች በየዓመቱ በጁላይ 4 ሳምንት አንድ ከተማ ላይ ይገናኛሉ። ሳን ሆዜ በ2010 እና በ2014 አስተናግዳለች። ኳሱ የዚያ ሳምንት ሰበብ ነው ቢባል ማንም አይቆጣም፤ አብሮ አደግ የሚፈላለግበት፣ ክትፎ በድንኳን የሚበላበት፣ አንጋፋ ተጫዋች የሚከበርበት፣ ዘፋኝ የሚሰማበት፣ ብዙ ትዳርም የተጀመረበት ሳምንት ነው። በ2012 ውድድሩ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ዳላስ፣ ሌላው ዋሽንግተን ሲሆን የደረሰው ቁጭት ራሱ ይህ ሳምንት ለስደተኛው ምን ያህል እንደሚከብድ አሳይቷል። ከአርባ ዓመት በላይ የዘለቀ የበጎ ፈቃድ ድርጅት ሐበሻ ብዙ የለውም።

ነገር ግን ውድድሩ የእርስ በርስ ነው፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። አሸናፊው ዋንጫውን ይዞ ይመለሳል፣ ዓመት ይጠብቃል። ከኦክላንድ ወይም ከሳን ሆዜ የወጣ ጎበዝ የሐበሻ ልጅ በዚያ ሳምንት አምስት ጨዋታ ቢያንበሸብሽ የሚያዩት አጎቶቹ ናቸው። ድሬዳዋ ተወልዶ ሚኒሶታ ያደገውን ፉአድ ኢብራሂምን በ2007 ገና በልጅነቱ የትልቁ ሊግ ክለብ የሆነው ዳላስ መረጠው፤ በኋላ ቶሮንቶ ተጫወተ፤ በ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫም ለኢትዮጵያ ተሰለፈ። በትምህርት ቤትና በአካዳሚ በኩል ያለው መንገድ ለእሱ ሠርቷል። ያ መንገድ ግን ውድ ነው፤ በቤይ ኤሪያ የልጆች ክለብ ክፍያ የብዙ ወላጅን ወገብ ይሰብራል።

ስለዚህ የዚህ ዲስኩር ሐሳብ ይህ ነው፤ በባሕር ወሽመጡ ያሉ የሐበሻ ቡድኖች የጁላዩን ውድድር ሳይተዉ በብሔራዊው ጥሎ ማለፍ ማጣሪያ መሰለፍ አለባቸው። «ስማችንና ጠባያችን ይጠፋል» የሚል ስጋት ይነሣ ይሆናል። የግሪኮቹ ታሪክ የሚለው ተቃራኒውን ነው። ግሪክ አሜሪካን ሁለት ጊዜ የአሜሪካን ዋንጫ ሲያነሣ ግሪክነቱን ማንም አልወሰደበትም፤ አሠልጣኙ ጀርመናዊ መሆኑም አላከሰመውም። ኤል ፋሮሊቶም የቡሪቶ ቤቱን ስም በደረቱ ይዞ ነው ፕሮፌሽናሎቹን የጣለው። ባዕድ በራሱ ሜዳ ሲገጥምህ ማን እንደሆንክ ይበልጥ ይታወቃል እንጂ አይረሳም።

ሥራው ግን የሳምንት አይደለም። ክለቡ በፌዴሬሽኑ ሥር በታቀፈ ሊግ ዓመቱን ሙሉ መጫወት፣ ተጫዋቾቹን በወረቀት ማስመዝገብ፣ የኢንሹራንስና የዳኛ ክፍያ መክፈል፣ ደንቡን የሚያሟላ ሜዳ ማግኘት አለበት። ማጣሪያው የሚጀምረው ከዋናው ውድድር ቀድሞ ባለው መኸር ነው፤ ይህ ማለት ማመልከቻው የሚሞላው ሰው ሁሉ ከጁላዩ ድግስ ገና ሲያርፍ ነው። በሐበሻ ቡድኖች ዘንድ የተለመደው ስምንት ሳምንት ሲቀር ተጠራርቶ ልምምድ መጀመር ለዚህ አይበቃም። ሎፔዝ ቡድኑን ያቆመው ከምግብ ቤቱ ገቢ እየቀነሰ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ብሔራዊው ዋንጫ ስምንት ዓመት ፈጅቶበታል። ኦክላንድ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ በእግር አንድ ሰዓት የሄደ ሰው የሚቆጥራቸው የሐበሻ ምግብ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ለጁላይ ውድድር ማሊያ የሚያሳትሙም አሉ። ከሁለት ወይም ሦስት ምግብ ቤቶች አንድ የውድድር ዘመን ሙሉ ወጪ የሚሸፍን መዋጮ ተሰብስቦ፣ ከኦክላንድና ከሳን ሆዜ ቡድኖች የተውጣጣ አንድ ቡድን በሳን ፍራንሲስኮው አንጋፋ ሊግ ቢመዘገብ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ታችኛው ዲቪዚዮን ውስጥ ሆኖ በቦክሰር ስታዲየም ንፋስ እየተመታ ይሸነፋል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ማጣሪያ ውስጥ ይገባል። እዚያም ከሚያገኛቸው ተጋጣሚዎች አንዱ፣ ሊጉ ያው ስለሆነ፣ የቡሪቶ ቤቱ ቡድን ሊሆን ይችላል።